ያላለቀው ምርጊት

«ጥሩ ለሳኝ ታውቂያለሽ?» ብሎ ሱቄ በር ላይ ለሚቆም ሰው ሁሉ መልሴ አንድ ነው፤ ሙሉመቤትን ጥራ፣ ሌላውን ተወው። ፈሪዳ እባላለሁ። ልደታ ኮንዶሚኒየም ሥር ሲሚንቶ፣ ቀለም፣ ጂፕሰም፣ ሚስማርና የቧንቧ ዕቃ እሸጣለሁ። የሰፈራችን ሰው ቤቱን ሲያድስ መጀመሪያ የሚጨቃጨቀው ከሚስቱ ጋር ነው፣ ቀጥሎ ከኔ ጋር። ስለዚህ የማን ግድግዳ እንደተሰነጠቀ፣ የማን እንዳበጠ፣ የማን ደግሞ እንዳማረ አውቃለሁ። ወላሂ እንደ ሙሉመቤት ያለ እጅ አላየሁም።

ሥራ ስትጀምር ካያችኋት ትስቁባታላችሁ። ዕቃዋን ሳታወጣ ግድግዳውን በጣቷ እያንኳኳች፣ ጆሮዋን አስጠግታ ክፍሉን ትዞራለች። «እዚህ ጋ ባዶ ነው፤ የድሮው ልስን ከብሎኬቱ ለቋል» ትልና በእርሳስ ትከብበዋለች። ያንን ሳታነሳ በላዩ አትለስንም። ከዚያ ውሃ። ግድግዳው እስኪጠግብ ድረስ በብሩሽ ትረጨዋለች። ባለቤቱ «ቶሎ በይ እንጂ» ካላት ዞር ብላ፣ «የተጠማ ግድግዳ የልስኑን ውሃ መጥጦ ነገ ይሰነጠቃል። ያኔ የሚሰደበው ማነው፣ አንተ ነህ?» ትለዋለች።

መጨረሻ ላይ፣ ጂፕሰሙ ከደረቀ በኋላ፣ መጋረጃውን ትዘጋና በረጅም ገመድ ያሰረችውን አምፖል ግድግዳው ላይ አስጠግታ በጎን ታበራለች። ብርሃን በጎን ሲመጣ የጤፍ ፍሬ የምታክል እብጠት እንኳ ጥላ ትጥላለች። ጥላ ያየችበትን ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት ትፍቃለች። ነጩ ዱቄት ይበንናል፣ እሷ በመሀሉ ቀስ እያለች ትሄዳለች፣ ድምፅ የለም፣ የወረቀቱ ሽሽሽታ ብቻ። አንዳንዴ ዕቃ ላደርስ ወጥቼ ሱቄን ረስቼ በር ላይ እቆማለሁ። ደመና ውስጥ የምትሠራ ነው የምትመስለው።

ልጅነቷን ሰንጋ ተራ በሚሠሩት ሕንጻዎች ላይ ባሬላ ስትሸከም ነው ያሳለፈችው። አሸዋ ነፍታለች፣ ሲሚንቶ አቡክታለች። ለሳኞቹ ምሳ ሲበሉ የልስን ማንኪያቸውን አንስታ ማንም የማያየው ጥግ ላይ ትሞክር ነበር። ያኔ የሳቁባት ሰዎች ዛሬ ሥራ ሲበዛባቸው ይደውሉላታል። እሷ ግን ሙያውን ከነሱ አልተማርኩም ባይ ናት። «የአባቴ እጅ ነው» ትላለች።

አባቷ አባባ ዱጉማ ይባላሉ። በጉብዝናቸው ከጊንጪ የመጡ ጭቃ መራጊ ነበሩ። እኔም የዚያው የአሮጌው ሰፈር ልጅ ነኝና አውቃለሁ፤ ከልደታ ማርያም በታች በነበሩት ጭቃ ቤቶች ውስጥ የሳቸው እጅ ያላረፈበት ግድግዳ አልነበረም። የራሳቸውንም ቤት ቋሚውን አቁመው፣ ማገሩን መትተው፣ ጭቃውን በጭድ አቡክተው የመጀመሪያውን ምርጊት መረጉት። የመጀመሪያው ምርጊት ሳይደርቅ ጣት ይጎተትበታል፤ ሁለተኛው ሲመጣ የሚይዘው እንዲያገኝ። አባባ ዱጉማ በአልጋው በኩል ጣታቸውን በአግድም ጎተቱ፣ በጓዳው በኩል ከላይ ወደ ታች፣ በበሩ በኩል ደግሞ እንደመጣላቸው አጠማዘዙት። ሙሉመቤት ያኔ ድክ ድክ የምትል ልጅ ነበረች። ሰው ሳያያት በሩ አጠገብ እርጥቡ ጭቃ ላይ መዳፏን አተመች። እናቷ ወይንሀረግ ቂጧን ጠበጠበቻት፤ የመዳፏ ምልክት ግን እንዳለ ደረቀ።

ሁለተኛው ምርጊትስ? ነገ። ሁልጊዜ ነገ። ወይንሀረግ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «የሰፈሩን ቤት ሁሉ ጨርሰህ የራስህ ቤት ሲደርስ እጅህ ይታሰራል?» ስትላቸው በአጥሩ እንሰማ ነበር። «ነገ እጨርሰዋለሁ» ይላሉ እሳቸው። ያ ነገ ሳይመጣ እሷ አረፈች፣ ልጅቱ አደገች፣ የአባባ ዱጉማም ዓይን በግላኮማ ቀስ እያለ ጠፋ። ዓይናቸው መጥፋቱን ጎረቤት ያወቀው ቆይቶ ነው፤ ቤታቸው ውስጥ እንደ ድሮው ይመላለሱ ነበራ! እጃቸው ግድግዳው ላይ ካረፈ የት እንዳሉ ያውቃሉ። አግድሙ አልጋ፣ ቀጥ ያለው ጓዳ፣ ጠመዝማዛው በር። ከመውጣታቸው በፊት ያቺን ትንሽ መዳፍ በሁለት ጣታቸው ነካ ያደርጓት ነበር።

ከዚያ ሰፈሩ ለልማት ተነሳ። አሁን ዓይኔን ስጨፍን ያ ጠባብ መንገድ፣ የቆርቆሮው አጥር፣ የነሱ በር ይመጣብኛል፤ ስገልጥ ፎቅ ነው። እንቅልፍ ውስጥ ደግሞ ሁለቱ ይደባለቁብኛል። ጭቃ ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጦ፣ ከጣሪያው ጢስ እየወጣ፣ በሩ ገርበብ እንዳለ አየዋለሁ። ይህን ስናገር ልጆቼ «እማዬ፣ የሱቁ ቀለም ሸቶሽ ነው» ይሉኛል።

ለአባትና ለልጅ ከዚሁ ከሱቄ በላይ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። እንደሚታወቀው ሲረከቡት ባዶ ብሎኬት ነው። ሙሉመቤት ለሰው ስትሠራ የኖረችውን ሁሉ ለአባቷ አደረገችው። አንኳኳች፣ አጠጣች፣ ለሰነች፣ ጂፕሰም ቀባች፣ አምፖሏን ይዛ ጥላ የሚባል እስኪጠፋ ድረስ ፋቀች። ግድግዳው መስታወት ሆነ። ጎረቤት እየመጣ ዳበሰው፣ እኔም ዳበስኩት። አባባ ዱጉማን ይዛ አስገባቻቸውና እጃቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፈች።

«እንዴት ነው አባዬ?»

«ጎበዝ» አሉ።

ከዚያ በኋላ አልጋቸው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ቀሩ። እኚያ ቤት ለቤት ሲዞሩ የኖሩ ሰውዬ ውሃ ለመጠጣት እንኳ ልጃቸው እስክትመጣ ይጠብቁ ጀመር። እህል መቅመስም ቀነሱ። ሙሉመቤት ሰፈሩ ናፍቋቸው ነው ብላ ነበር የምታስበው፤ እኛም እንደዚያው።

ሚያዝያ እንደገባ አንድ ጠዋት ሾርባ ይዤላቸው ወጣሁ። ሙሉመቤት ሥራ ስትሄድ ቁልፉን ለኔ ነው የምትተወው። ስገባ አልጋቸው ላይ የሉም። መታጠቢያ ቤቱና ማእድ ቤቱ በሚገናኙበት ጥግ፣ ሁለት መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ ዘርግተው፣ ፊታቸውን ወደ ጥጉ አድርገው ቆመዋል። ምን ያህል እንደቆሙ አላህ ይወቅ።

«አባባ ዱጉማ፣ ምን ሆኑ?»

«ፈሪዳ ነሽ?» አሉ ሳይዞሩ። «የት ነው ያለሁት?»

«ኧረ ቤትዎ ነው ያሉት!»

«ቤቴ የቱ ጋ?» ግድግዳውን ወዲያና ወዲህ ዳበሱት። «ይሄ ግድግዳ አያናግረኝም ልጄ። ሁሉም ቦታ አንድ ነው። ዝም ብሏል።»

ይዤ አልጋቸው ላይ አስቀመጥኳቸው። ሾርባውን ትተው ስልክ እንድደውልላቸው ጠየቁኝ፤ ጊንጪ ላሉት ታናሽ ወንድማቸው ለአቶ ጂራታ። አቶ ጂራታ የሚኖሩት ጭቃ ቤት ውስጥ ነው፣ በየዓመቱም ለግንቦት ልደታ ማርያምን ሊሳለሙ ይመጣሉ። «ዘንድሮ ስትመለስ ይዘኸኝ ሂድ» አሏቸው።

ማምሻውን ሙሉመቤት ከነአቧራዋ መጥታ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጠች። አባቷ ነግረዋታል።

«አባዬ ሊሄድብኝ ነው» አለች። «ምን አጎደልኩበት ፈሪዳ? ከሱ ሌላ ማን አለኝ? እሱ ከሄደ ያ ቤት ምን ያደርግልኛል?»

እኔ ደግሞ ሰው ሲያለቅስ ማየት ስለማልችል እቆጣለሁ። «አንቺ ልጅ! ለሰውየው ቤት ነው የሠራሽላቸው ወይስ ለደንበኛ የምታሳዪው ናሙና?» አልኳትና ጥጉ ላይ ቆመው ያሉትን አንድ በአንድ ነገርኳት።

መዳፏን አየች። «አምፖሉ» አለች። «በአምፖሉ እያየሁ እኮ አንዲት እብጠት አላስቀረሁለትም። ወይኔ ሙሉ! የቀረውን ዓይኑን ነው ፍቄ ያወጣሁበት።»

በነጋታው ሥራ አልሄደችም። ሰንጋ ተራ ለሕንጻ መሠረት ከተቆፈረ ጉድጓድ ቀይ አፈር በከረጢት አስመጣች፣ በጠበጠችው፣ ያንኑ ዕለት ጂፕሰሙ ላይ ለጠፈችው። ሲነጋ ጭቃው ተልጦ ወለሉ ላይ ተኝቷል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አልኳት። ያልቦካ ጭቃ፣ ጭድ የሌለው፣ ለስላሳ ግድግዳ ላይ፣ ያውም ሳታጠጣው! ለደንበኛ የምትሰብከውን ሁሉ ጉዳዩ የራሷ ሲሆን ረሳችው።

«ምንድነው የወደቀው?» አሉ አባባ ዱጉማ ከአልጋቸው።

«ምንም አይደለም አባዬ።»

እሳቸው ግን ፊታቸውን ቀና አድርገው አየሩን ሳቡ። እርጥብ አፈር ቤቱን ሞልቶታል። «ዘነበ እንዴ?» አሉ፣ ፊታቸውም ለአፍታ ፈካ። ያንን ፊት ያየች ልጅ መቼም ተስፋ አትቆርጥም።

ከሰል ፈልጋ አምጥታ በእጃቸው አስያዘቻቸው። «አባዬ፣ የድሮው ቤት ውስጥ እንዳለህ ሁን። ከአልጋህ ተነስተህ እስከ በሩ ሂድ። ዓይንህን ጨፍን።»

«የቱን ዓይን?» ብለው ሳቁ። ወደዚህ ቤት ከገቡ ወዲህ ሲስቁ መስማቴ ነበር።

እሷ ከኋላ ወገባቸውን ይዛ፣ ከሰሉ ግድግዳው ላይ እየተሳበ፣ እሳቸው እያወሩ ተጓዙ። «ይሄ አልጋዬ ነው። እዚህ ጋ የናትሽ ሳጥን፤ ጉልበቴን ይመታኝ ነበር፣ ቀስ በይ። እዚህ መስኮቷ። ጠዋት ፀሐይዋ እጄን ታሞቀዋለች።» በእውነትም በበረንዳው የገባች ፀሐይ እጃቸው ላይ አርፋለች። የሌለውን ሳጥን እግራቸውን አንስተው ዞሩት። ሙሉመቤትም ዞረችው። እኔም ከኋላ ስከተል፣ ትስቁ ይሆናል፣ ቀሚሴን ሰብስቤ ዞርኩት። የሳጥኑ ማዕዘን ቀሚሴን እንዳይዘው ብዬ ነው። ለዚያች ጊዜ አራተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ቤት ነበር፣ አንዱ በሌላው ውስጥ፣ ወይንሀረግም ጓዳ ሆና የምትሰማን መሰለኝ። ከታች የታክሲ ረዳት «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ» ሲል ነው የነቃሁት።

ነጩ ግድግዳ ላይ አንድ ጥቁር መስመር ቀረ። ሲደክማቸው ዝቅ ያለ፣ ነገር ሲያስታውሱ ከፍ ያለ፣ ጎባጣ መስመር። ሙሉመቤት ያለ ውሃ ልክ ሠርታ አታውቅም፣ ሲባጎ ሳትወጥር ማንኪያ አታነሳም። ስለዚህ «ውሃ ልኩን ላምጣልሽ?» አልኳት።

«ተይው» አለች። «እጁ የሚሄደው በዚህ ነው።»

ከዚያማ ሥራው በወጉ ተጀመረ። መስመሩን ተከትላ ክንድ በሚያህል ስፋት ጂፕሰሙን ፋቀች፣ ልስኑን በመሮና በመዶሻ እየነቀሰች አሻከረችው፣ ቀጭን ሲሚንቶና አሸዋ ረጨችበት። ጭድ ፍለጋ ደግሞ አሳሯን በላች። ሰንጋ ተራ ስሙ ብቻ ነው የቀረው፣ ሰንጋም የለ ጭድም የለ፤ ቄራ አካባቢ መኖ ከሚሸጡት ነው ያገኘችው። ጭቃውን ግቢው ጥግ ላስቲክ ላይ ከጭዱ ጋር ለውሳ፣ ውሃ እየጨመረች እንዲቦካ ተወችው።

ጭቃ ሲቦካ ሽታው አይጣል ነው። የሕንጻው ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሽ ፍሰሐ አፍንጫቸውን ይዘው መጡ። «ፈሪዳ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጭቃ? ሰው ከጭቃ ወጣሁ ብሎ እልል ባለበት ግቢ?» እውነታቸውን ነው፣ ምን እላለሁ! በዚህ መሀል ሙሉመቤት አባቷን ደግፋ በደረጃው ወረደች። አባባ ዱጉማ ጫማቸውን አወለቁ፣ ሱሪያቸውን ሰበሰቡ፣ ትከሻዬን ይዘው ጭቃው ውስጥ ገቡ። ረገጡት። ቀስ እያሉ፣ ጭቃው በጣቶቻቸው መሀል እየወጣ፣ ከንፈራቸው አንድ የማይሰማ ነገር እያለ። ጋሽ ፍሰሐ ቆመው አዩ፣ አዩ።

«ጭድ ያንሰዋል። ውሃም» አሉ አባባ ዱጉማ።

ጋሽ ፍሰሐ ወደ ቤታቸው ወጡ። ሲመለሱ ባልዲ ሙሉ ውሃ ይዘው ነበር።

ምርጊቱን በማንኪያ አልመረገችውም፣ በእጇ ነው። ከአልጋው ጀምራ አግድም፣ ወደ መታጠቢያ ቤቱና ማእድ ቤቱ ቀጥ፣ ወደ በሩ ጠመዝማዛ። በአምፖል አልታየም፣ በብርጭቆ ወረቀት አልተነካም። ለመድረቅ ጊዜ ነበረው፣ ግን የበልጉ ዝናብ እምቢ አለ፤ ቀን ይጥላል፣ ግድግዳው ላብ ያወጣል። ቬንትሌተር ላውስሽ ብላት «አይሆንም፣ ከቸኮለ ይሰነጠቃል» አለችኝ። የበሩን አካባቢ መጨረሻ ላይ ብቻዋን ሠራችው፤ እኔን እንኳ አላስገባችኝም። አባባ ዱጉማም ሳይደርቅ አይነካም ብለው እጃቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። ስለ ጊንጪ ጠየቅኳቸው። «ለወንድሜ ቃል ሰጥቻለሁ፣ ደግሞም ልጅቷን አደከምኳት» አሉኝ። ሻንጣቸው ታስሮ ነበር።

የግንቦት ልደታ ዕለት ዝናቡ ቆም አለ። ግቢው ውስጥ ንፍሮ ተቀቅሎ ጎረቤቱ ከበበው። እኔ እስላም ነኝ፣ የልደታ ንፍሮ ድርሻዬ ግን ቀርቶብኝ አያውቅም። ከማርያም የሚመጣው መዝሙር አንዴ ከጎን፣ አንዴ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። አቶ ጂራታ ተሳልመው መጡ፤ የተከራዩትን መኪና መንገድ ዳር አቁመውታል። ንፍሮ በሳህን ይዤ አብሬያቸው ወጣሁ። በሩን ሙሉመቤት ከፈተችልን። ዓይኗ ቀልቷል፣ ሻንጣው እግሯ ሥር ነው።

«ጋሼ፣ ደርሻለሁ!» አሉ አቶ ጂራታ። «ልምጣ ልያዝዎት?»

«ቆይ» አሉ አባባ ዱጉማ ከውስጥ። «እኔ እመጣለሁ።»

እጃቸው ምርጊቱ ላይ አረፈ። መጀመሪያ በጣታቸው ጫፍ፣ ከዚያ በሙሉ መዳፍ። አግድሙን ይዘው ተነሱ። ሳጥኑ በነበረበት ሲደርሱ ዞሩለት። አግድሙ አልቆ ቀጥ ያለው ሲመጣ «ጓዳ» አሉ ለራሳቸው፣ ማእድ ቤት ገቡ፣ ቧንቧውን ከፍተው በእፍኛቸው ውሃ ጠጡ፣ ዘጉት። ተመልሰው ግድግዳውን ያዙ። ማንም አልደገፋቸውም።

ጠመዝማዛው ላይ ደርሰው፣ በሩ አጠገብ፣ እጃቸው ቆመ። ገና በደንብ ባልደረቀው ጭቃ ውስጥ የሙሉመቤት መዳፍ ታትሟል፤ ሲሚንቶ የሰነጣጠቀው ትልቅ መዳፏ። እንደ ድሮው በሁለት ጣት ሊነኩት ሞከሩ፣ አልበቃቸውም። እጃቸውን በሙሉ ከተቱት።

«አድገሻል» አሉ።

ሙሉመቤት አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«እናትሽ ሰነፍ እንዳለችኝ አረፈች» አሉ እጃቸውን ሳያነሱ። «አልነገርኳትም። ሁለተኛውን ብመርገው ያቺ እጅሽ ትደፈን ነበር።»

ወላሂ አለቀስኩ። ንፍሮው ላይ ነው ያለቀስኩት። አቶ ጂራታ ሻንጣውን ለማንሳት ጎንበስ ብለው መልሰው ቀና አሉ። «ጋሼ፣ መኪናው ቆሟል» አሉ ቀስ ብለው።

አባባ ዱጉማ ፊታቸውን ወደ ልጃቸው መለሱ። «ሙሉ፣ ሁለተኛው ምርጊት መቼ ነው?»

እንባዋን በክንዷ ጠረገች። «ነገ፣ አባዬ።»

«በል ጂራታ፣ ግባና ንፍሮህን ብላ» አሉ። «እኔ ቤቱ ሲያልቅ እመጣለሁ።»